ከገጽ አርባ አንድ የጎደለው

ማርሴላ ዲናርዶ ትከሻዋን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ዘጠኝ ሳምንት ሆኗታል። ሐኪሙ «እስከ ሰኞ ድረስ መፍቻ የሚባል ነገር እንዳትነኪ» ብሏት ነበር፤ እሷም አልነካችም። «ሰው ሰላም ማለት ግን አልከለከለኝም» ብላ ሐሙስ ጠዋት አንድ ትሪ የለውዝ ብስኩት በደህናው እጇ ይዛ፣ በረዶውን እየረገጠች ወደ መሥሪያ ቤቷ መጣች። እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ዋል ቢሉት አይውልም።

በአሜሪካዋ ሮቸስተር ከተማ ከብርጭቆ ጋር ያልተዛመደ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። የማርሴላ አባት የካሜራ ሌንስ ሲያለሰልስ ነው ያረጀው። እሷ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ጠፈር የሚላኩ የቴሌስኮፕ መስታወቶችን መደገፊያ ስትገጥም፣ ስታስተካክልና ስትፈትሽ ኖራለች። መስታወቱን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ስሙም ክብሩም የእነሱ ነው። መደገፊያው ግን ቀልድ አይደለም። መስታወቱ ጠፈር ላይ ሲወጣ ክብደት የሚባል ነገር አይኖረውም፤ ምድር ላይ እያለ ግን በራሱ ክብደት ይረግባል። ስለዚህ ቅርጹ ሲለካ የሚይዘው መደገፊያ ሳይጫነው፣ ሳይጎትተው፣ እንደሌለ ሆኖ መያዝ አለበት። እንደሌለ ሆኖ መያዝ! ሰው ለሰው እንኳ ይህን ስንቱ ይችልበታል? ማርሴላ ትችልበታለች። አሥራ አንድ መስታወት በእጇ አልፏል፤ አራቱ አሁን ከአናታችን በላይ ሆነው ኮከብ ይመለከታሉ።

እዚያ ቤት እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቁጥር ያለባት ትንሽ ማኅተም አለችው። የሠራውን ሁሉ መዝገቡ ላይ በእሷ ያረጋግጣል። ማኅተሙን የተነጠቀ ሰው መደገፊያውን በጣቱ ጫፍ መንካት አይፈቀድለትም። የማርሴላ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ከአሥራ ሰባት በታች ያሉት ወይ ጡረታ ወጥተዋል፣ ወይ አፈር ለብሰዋል። እሷም ከቁጥሯ ጋር ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ነው የቀራት።

የመለኪያው ክፍል ውስጥ ስትገባ ያገኘቻቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የመስታወቱ ኃላፊ መሐንዲስ ሱጃታና የጥራት ተቆጣጣሪው ቨርነን። ቨርነን በጋ ከክረምት ያንኑ ቡናማ ሹራብ የሚለብስ፣ መመሪያ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው።

«ማርሴላ! ሐኪምሽ ያውቃል?» አላት።

«ብስኩት መሸከም ፈቅዶልኛል። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል ሱጃታ? ፊትሽ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስሏል እኮ።»

ሱጃታ አልሳቀችም። ስክሪኑን በአገጯ አሳየቻት። የመስታወቱ ቅርጽ በቀለም ተስሎ ይታያል፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ አካባቢ ግን ሦስት ቀያይ ጉብታዎች ተቀምጠዋል።

«ሠላሳ ስምንት ናኖሜትር» አለች ሱጃታ።

አንዲት የሰው ጸጉር ሁለት ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ አንዷ ስንጣቂ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ?» ይል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ሰው የለም፤ አንድ መስታወት ለመሥራት አራት ዓመት የሚፈጅባቸውም ስለዚህ ነው።

«ቅጠል ሲረግፍ አንቺ ለክተሽው ሙልጭ ያለ ነበር» አለች ሱጃታ። «ከዚያ ሮኬቱ ላይ የሚደርስበትን ይችል እንደሆነ አናወጥነው። አሁን በአንቺ ቦታ ኤልዊን መደገፊያው ላይ ገጥሞት ስንለካው ይኸው ወጣ። መናወጡ አጉብጦታል።»

«ጥፋቱ የመደገፊያው ቢሆንስ?»

«ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው። ሦስቱንም ጊዜ ቁርጥ ያው ነው። መስታወቱንም አዙረን አይተነዋል።»

ማዞሩ የሙያው ትልቁ ብልሃት ነው። መስታወቱን ሲያዞሩት ጉብታው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው፤ ባለበት ከቀረ የመደገፊያው ነው። ይህ መስታወት ግን ሦስት እግር ላይ ብቻ የሚቀመጥ ስለሆነ የሚዞረው በሲሶ በሲሶ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? ሦስቱም ጉልቻዎች እኩል ከተበላሹ ድስቱን ስታዞረው ብትውል ጥፋቱ የድስቱ ይሁን የጉልቻው አታውቅም። ኤልዊን ደግሞ እጁ ከመጥራቱ የተነሳ ሦስቱን እግሮች አንዱን ከሌላው ሳያበላልጥ ነው የሚያጠብቀው። የእጁ ጥራት ራሱ መስታወቱን አስኮነነው።

«ነገ ጠዋት መስታወቱ ማለስለሻ ማሽኑ ውስጥ ይገባል» አለች ሱጃታ። «ሦስቱን ጉብታዎች እንልጣቸዋለን።»

ማርሴላ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ባታስቀምጠው ኖሮ ይወድቅ ነበር። ጉብታዎቹን ገና ስታያቸው ነው ያወቀቻቸው። መስታወቱ ምንም አልሆነም። የሌለ ጉብታ ሊልጡ ነው፤ ከላጡ በኋላ የሚቀረው ሦስት ጉድጓድ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ የተላጠ ብርጭቆም ተመልሶ አይለጠፍም።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። አንድ ቀን ብሎኑን አጥብቃ ስትነሳ ክርኗ ሳታስበው የመደገፊያውን እግር ገጨው፤ ከዚያ ሲለካ ቀድሞ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጉብታ ሟሽሾ ተገኘ። ነገሩ ገባት። ብሎን ሲጠብቅ ከሥሩ ያለውን ብረት ትንሽ ይጠመዝዘዋል፤ ብረቱም እንዳኮረፈ ሰው እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ቀስ አድርገው መታ መታ ሲያደርጉት ኩርፊያውን ይተውና ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሴላ እያንዳንዱን እግር በመፍቻዋ የፕላስቲክ እጀታ መታ መታ ሳታደርግ ተነሥታ አታውቅም። የመመሪያው ገጽ አርባ አንድ «ብሎኑ በተባለው ልክ ይጥበቅ» ይልና ያበቃል። አንድ መስመር ለማስጨመር አራት ኮሚቴና ዓመት ተመንፈቅ ያስፈልጋል። «ይህ መስታወት ይለቅና እጽፋለሁ» አለች። ቀጣዩም መጣ። መመሪያ ላይ የሌለ ነገር ማድረግ ደግሞ እዚያ ቤት ማኅተም ያስነጥቃል፤ ዓመታቱ በበዙ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

ይህን ስታስብ መስታወቱ የሚቀመጥበት፣ አቧራ የማይገባው ንጹሕ ክፍል በር ተከፈተና ኤልዊን ነጭ ቱታውን አውልቆ ወጣ። ኤልዊን ብራድዌይ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው፤ መስማት ለተሳናቸው የተከፈተ ትልቅ ኮሌጅ ባለበት በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ባለሙያ ብርቅ አይደለም። ንጹሕ ክፍሉ ውስጥ አፍ ይሸፈናል፣ የአየር ማጣሪያውም ያገሳል፤ ጮኸው ለመነጋገር ሲሉ ጉሮሯቸው ይደርቅባቸው የነበሩትን ሁሉ የምልክት ቋንቋ ያስተማራቸው እሱ ነው። ዛሬ እዚያ ውስጥ ከእሱ ይልቅ ምልክት የማያውቅ ሰው ነው ደንቆሮ የሚባለው። ለማርሴላም በእጅ የሚጠራ ስም አውጥቶላታል፤ ጆሮ ግንድ አጠገብ ብሎን እንደማዞር ያለ። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው «ሙያሽን ነው» አላት፤ ሌሎቹ ግን ብሎኗ የላላ ማለቱ እንደሆነ ያውቃሉ።

«መጣሽ!» አላት በእጁ፤ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «አይተሽዋል አይደል? ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ማርሴላ እንደምታደርገው ነው ያደረግኩት፣ አንዲት ነገር አላጎደልኩም አልኳቸው። ሌሊት ሌሊት እንኳ ገጽ አርባ አንድን በልቤ ስወጣው ነው የማድረው።»

ማርሴላ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር «ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፍ» ትለዋለች፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጽፍ እሷ መታ መታዋን ትጨርሳለች።

ሱጃታ ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ፊቷን ከኤልዊን አዞረች፤ ከንፈሯን እንዳያነብ።

«ማርሴላ፣ እስከ ሰኞ ላቆየው?» አለች። «አንቺ በእጅሽ ግጠሚውና አንድ ጊዜ እንየው። ጉብታው ከጠፋ… እንግዲህ ነገሩ የእሱ አገጣጠም ነበር ማለት ነው።»

መስማት የተሳነው ሰው ፊት ሲያዞሩበት ስለማን እንደሚወራ አይጠፋውም። ኤልዊን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

እነሆ፣ የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሰኞ ትገባለች፣ መታ መታ ታደርጋለች፣ መስታወቱ ይድናል፤ እሷም «ያለ ማርሴላ እኮ አይሆንም» ትባላለች። ማኅተሟም ኪሷ ውስጥ ይቀራል። የሚከፍለው ኤልዊን ብቻ ነው። ማርሴላ በመስኮቱ አሻግራ መስታወቱን አየችው፤ ሦስት ቀጫጭን እግሮች ላይ እንደ ረጋ ውኃ ጸጥ ብሏል። አራት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያደረሰው ዕቃ ነው። ራሷን ናቀች።

«ሰኞ ድረስ አትጠብቁ» አለች። እየተናገረች በእጆቿም ምልክት ሰጠች፣ ኤልዊን ከሌሎቹ ኋላ እንዳይሰማ። የታመመው ትከሻዋ ወጋት፤ አላቆመችም። «ኤልዊን ምንም አላጠፋም። መመሪያው እንዳለው አድርጓል። መመሪያው እንዳለው የማላደርገው እኔ ነኝ። ብሎኑ ሲጠብቅ እግሩን መታ መታ አደርጋለሁ፤ ሃያ ዓመት አድርጌዋለሁ። ጽፌው አላውቅም። ጉብታዎቹ የዚያ ናቸው።»

ቨርነን መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ጠረገ።

«ማርሴላ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እኔም ከዚህ ከሚያገሳ የአየር ማጣሪያ ጋር ስኖር ጆሮዬ ደህና አይደለም። አሁን ያልሽውን ካልደገምሽው አልሰማሁም። ከደገምሽው እጽፈዋለሁ።»

«እደግመዋለሁ። ጻፈው።»

«አሥራ አንዱም መስታወት መዝገቡ ይከፈታል እኮ። አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ስትሰጪ ነው የምትውዪው።»

«ጻፈው አልኩህ እኮ ቨርነን!»

ጻፈ። ከዚያም መዳፉን ዘረጋ። ማርሴላ ቁጥር አሥራ ሰባትን ከኪሷ አውጥታ አኖረችለት። ካሰበችው በላይ ቀላል ነበረች።

ወደ ኤልዊን ስትዞር ዓይኑን ከእጆቿ ላይ አንሥቶ ወለሉን ያያል። ለእሱ ይህ ጆሮን መድፈን ነው። ማኅተሟን ስትሰጥ ያላለቀሰችው ሴት ያን ጊዜ ዓይኗ ሞላ። እሱ ቱታውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት መስታወቱ ማለስለሻው ውስጥ አልገባም። ቨርነን ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ ነው መሰል፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ የምትለጠፍ ጊዜያዊ መመሪያ ይዞ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ግን ብዕሩ ቆሟል።

«‹ቀስ ብሎ መታ መታ ይደረግ› ብያለሁ። ቀስ ስንት ነው?»

«ቀስ ቀስ ነው» አለች ማርሴላ።

«ቁጥር የለውም?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ አልቆጠርኩትማ።»

«በእግዚአብሔር፣ መመሪያ እኮ ነው የምጽፈው፣ የምግብ አሠራር አይደለም!»

ማርሴላ ልታሳየው አትችልም፤ ማኅተም የላትም። ኤልዊን ለብቻው ገባ። እሷ ከመስኮቱ ውጭ ቆመች። ድምፅ በዚያ ብርጭቆ አያልፍም፤ እጅ ግን ያልፋል። ኤልዊን ቢያኮርፍም ባለሙያ ነውና መፍቻውን አንሥቶ ዓይኑን ወደ እሷ አደረገ።

የመጀመሪያውን እግር ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ገላው አየሩን እንዳያሞቀው ወደ ጥግ ሄዶ ቆመ፤ አየሩ እስኪረጋ አርባ ደቂቃ ጠበቁ። ሠላሳ ስምንት። ንቅንቅ አላለም።

«ትንሽ ጠንከር» አለችው በእጇ።

ጠንከር አደረገው። አርባ ደቂቃ። አርባ አራት። ሱጃታ ከኋላ «ውይ» አለች።

ማርሴላ መስኮቱ ላይ ተጠጋች። «ሕፃን የተኛበት ቤት በር እንደምታንኳኳ» አለችው።

ኤልዊን ከጭምብሉ በላይ ያለው ዓይኑ ጠበበ። «እኛ ቤት በር አይንኳኳም» አላት። «መብራት ነው የምናበራው። ልጄም እንደ እኔው ነው፤ አጠገቡ ከበሮ ቢመታ አይነቃም።»

ማርሴላ ቢጨንቃትም ሳቀች፤ ሳቁም መልሶ አሳፈራት። ምሳሌ ሁሉ ለካ የሚሰማ ሰው ምሳሌ ነው! ሐብሐብ ቢመቱ፣ በር ቢያንኳኩ፣ ብርጭቆ ቢያጋጩ፣ ሁሉም ድምፅ ነው። ስድስት ዓመት አጠገቡ ቆማ ይህን አላሰበችውም። የእሱን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በልቧ አየችው፤ እሱ ሰውን እንዴት እንደሚጠራ፣ ሰውም እሱን እንዴት እንደሚጠራው።

«ኤልዊን፤ የማታውቀው ሰው ጀርባውን ሰጥቶህ ቆሟል። እንዳይደነግጥብህ፣ ግን ደግሞ እንዲዞርልህ ትፈልጋለህ። ትከሻውን እንዴት ትነካዋለህ?»

ኤልዊን ወደ መደገፊያው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ፤ ሳይደፍረው፣ ሳይፈራውም። ወደ ሁለተኛው እግር አለፈ፤ ሁለት ጊዜ። ወደ ሦስተኛው። ማርሴላ ከመስኮቱ ውጭ ሆና እጇ ሳታዝዘው አብሮት መታ መታ ይል ነበር። እንዲህ ያለ እጅ አይታ አታውቅም፤ የራሷንም ጨምሮ። ይህን ስታስብ ልክ እንደ ቅናት የሚመስል ነገር ነካት፣ ወዲያውም በኩራት ተዋጠ።

አርባ ደቂቃው አርባ ዓመት ሆነ። ቨርነን ብስኩቱን አንድ በአንድ ጨረሰው። ሱጃታ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ቀለም ለበሰ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። እስከ ጠርዙ አረንጓዴ።

«አራት!» ብላ ጮኸች ሱጃታ፤ «አራት ናኖሜትር!» ከዚያ ያች የብረት ሴት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቨርነን መዝገቡን ከፈተና «ሠራተኛ፦ ኤልዊን ብራድዌይ» ብሎ ጻፈ። ማርሴላ ከትከሻው በላይ አነበበችው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የእሷ ስም የነበረበት መስመር ነው። ከፋት፤ ደስም አላት፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ኤልዊን ቱታውን አውልቆ፣ ጸጉሩ በላብ ተለጥፎ ወጣ። ሌሎቹ ሊያቅፉት ሲመጡ በጨዋነት አሳለፋቸውና ማርሴላ ፊት ቆመ። ምልክቶቹን ቀስ እያደረገ፣ አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ስድስት ዓመት አጠገብሽ ቆሜአለሁ።»

«አዎ።»

«መዝገቡን ጻፍ የምትዪኝ ለዚህ ነበር?»

«መጀመሪያ አልነበረም። በኋላ ግን አዎ።»

«ለምን?»

ኮሚቴውን ልትለው ትችል ነበር። ማኅተሙን፣ መመሪያውን፣ ዓመት ተመንፈቁን ልትለው ትችል ነበር፤ ሁሉም ውሸት አይደለም። «ያለ እኔ የማይሆን ነገር እንዲኖር ፈልጌ» አለችው።

ኤልዊን ይህን ጊዜ ዓይኑን ከእጆቿ ላይ አላነሣም።

«ሌላስ?» አላት። «ሌላ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

ማርሴላ «የለም» ልትል እጇን አነሣች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፣ ለእሱም አንድ ሳበችለት። ኤልዊን ከደረት ኪሱ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ማርሴላ ወረቀቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ አይበቃም» አለችው። «ደብተር አምጣ።»